ስለ ወጣት ሯጮች የልብ ትርታ

የእኅቴ ልጅ ዕድሜው 16 ዓመት ነው። ከትምህርት ቤት በፊት በማለዳ እየተነሣ በእንጦጦ ዳገት መሮጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት አለፈው። ባለፈው ዓመት ወደ ውድድር ለመግባት የጤና ወረቀት አስፈለገውና ወደ አንድ የሕክምና ቤት ቢሄድ፥ እጁን ይዞ ትርታውን የቈጠረው ሰው ጥቂት ፊቱን ካጨፈገገ በኋላ «የዚህ ልጅ ልብ ይዘላል፤ አንዴ ይመታል፥ አንዴ ይቀራል፤ ሩጫውን ይተው» ብሎ ወረቀቱን ሳይሰጥ መለሰው። ሌላ ነገር አልመረመረም፤ ምክንያቱንም አልገለጸለትም። እኅቴ ይህን በሰማች ጊዜ እንደ መርዶ ተቀበለችው። የሩጫ ጫማውን በሣጥን ቈለፈችበት፤ ደረጃ እንኳ ሲወጣ ቀስ እንዲል አዘዘችው፤ ሌሊትም እየተነሣች ይተነፍስ እንደ ሆነ በጨለማ ታዳምጥ ጀመር። ልጁም ምግብ ቀነሰ፥ ከጓደኞቹም ራቀ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ «ጋሼ፥ ሩጫውን ነሥቼው በቁሙ ልግደለው ወይስ ፈቅጄለት ሜዳ ላይ ልጣው? አንተ ምከረኝ» አለችኝ። የምመክራት ነገር አልነበረኝምና ወደ ልብ ሐኪም እንሂድ አልኋት።

ሐኪሙ አስቀድመው እናቱን ብዙ ነገር ጠየቁ። ከዘመድ መካከል በወጣትነቱ በድንገት የሞተ አለን? ልጁ በሚሮጥበት ጊዜ ራሱን ስቶ ወድቆ ያውቃልን? ሲሮጥ ደረቱን ያመዋልን? ለሁሉም መልሷ የለም፥ አያውቅም የሚል ሆነ። ቀጥለው ልጁን በአልጋ አስተኙና የልቡን ኤሌክትሪክ በወረቀት አስጻፉ፤ በድምፅ ሞገድ በሚሠራው መሣሪያም የልቡን ሥዕል አዩ። ሥዕሉ ደኅና ነው፤ በወረቀቱ ላይ ግን ዝንፈቱ በእውነት ታየ። እኅቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። ሐኪሙ በዚህ ጊዜ «አሁን ይሩጥ» አሉ። እኅቴ ልትከለክል ብትነሣ «እሜቴ፥ የሯጭ ልብ የሚመረመረው በሥራው ላይ ነው» አሏት።

ልጁ ሽቦው በደረቱ እንደ ተለጠፈ በኤሌክትሪክ በሚሽከረከረው መሮጫ ላይ ወጣ። ተኝቶ ሳለ ልቡ በደቂቃ 58 ጊዜ ይመታ ነበር። 100 ሲደርስ ዝንፈቱ ሳሳ፤ 130 ሲያልፍ ጨርሶ ጠፋ፤ ከዚያም እስከ 190 ድረስ አንድም ሳይሳሳት ገሠገሠ። ካቆመ በኋላ ልቡ እየበረደ ሲሄድ ዝንፈቱ አንድ ሁለት እያለ ተመለሰ። ሐኪሙም ወረቀቱን ለእኅቴ እያሳዩ «የዚህ ዐይነቱ አያስፈራም፤ የሚያስፈራው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው» አሉ።

ይህን ቃል ከዚያ ወዲህ ብዙ አሰብሁበት። በብዙ ቤት የሚሮጥ ወይም ኳስ የሚጫወት ልጅ አለ፤ በብዙ ቤትም የተዛነፈ ትርታ ሲሰማ የሚሆነው እንደ እኅቴ ቤት ነው። የባሰው ደግሞ ልቡ በዕረፍት ጊዜ እንደ ሰዓት ቀጥ ብሎ የሚሄድ፥ በሩጫ ጊዜ ግን የሚታወክ ልጅ ነው፤ እርሱን ማንም አይጠረጥረውምና።

ነገሩ ግልጥ ይሆን ዘንድ ልብ ትርታውን ከወዴት እንደሚያገኝ ማወቅ ያስፈልጋል። በልብ በላይኛው ቀኝ ክፍል አንዲት ትንሽ ሥጋ አለች። ከእርስዋ የሚነሣው ደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል በልብ ሁሉ ተሠራጭቶ ሥጋው እንዲጨመድድና ደሙን እንዲገፋ ያደርገዋል። ይህችን ሥጋ ሁለት አዛዦች ያዝዙዋታል። አንደኛው ከአንጐል ወደ ደረት የሚወርድና «ዝግ በይ» የሚላት ነርቭ ነው። ሁለተኛው «ፍጠኚ» የሚላት ነርቭ ነው፤ ከኩላሊት በላይ ከተቀመጡት ዕጢዎች የሚመነጨው አድሬናሊንም ይረዳዋል። ሰው ሲያርፍና ሲተኛ ፊተኛው ይሠለጥናል፤ ሲሮጥ፥ ሲቈጣ ወይም ሲደነግጥ ሁለተኛው ይነሣል።

የጐልማሳ ሰው ልብ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል፤ በቀን ሲቈጠር ወደ 100000 ይደርሳል። ለረጅም ሩጫ የለመደ ሰው ልብ ግን በዕረፍቱ 50 ወይም 40 ብቻ ይመታል፤ በእንቅልፍ ጊዜ ከዚያ በታች የሚወርድም አለ። ይህ ድካም አይደለም። ልቡ ስለ ሰፋና ስለ በረታ በአንድ ምት ብዙ ደም ይገፋል፥ ስለዚህ ብዙ ጊዜ መምታት አያስፈልገውም። ማንኛውም ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ ልቡ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይገፋል፤ ጤነኛ ወጣት በኃይል ሲሮጥ ወደ 20 ሊትር ያደርሰዋል፤ እጅግ የሠለጠኑት ሯጮች 30 ሊትር ያልፋሉ። በ1899 (ዓመቱን በፈረንጅ አቈጣጠር እጽፋለሁ) ሄንሼን የሚባል የስዊድን ሐኪም በበረዶ ላይ በሸርተቴ የሚሽቀዳደሙትን ሰዎች ደረት በጣቱ እያንኳኳ መርምሮ ልባቸው ከሌላው ሰው የሰፋ መሆኑን አመለከተ። በዚያ ዘመን የልብን ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ አልነበረም፤ ይህን በጣቱና በጆሮው ብቻ ማወቁ ያስደንቃል። ከእርሱ በኋላ አይንትሆቨን የተባለው የሆላንድ ሊቅ የልብን ኤሌክትሪክ አጥርቶ የሚጽፈውን መሣሪያ ሠራ፤ ስለዚህም ሥራው በ1924 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። የመጀመሪያው መሣሪያ ክፍል የሚሞላ ነበር፤ በሽተኛው እጁንና እግሩን ጨው በተበጠበጠበት ውሃ ነክሮ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ ያው ሥራ በቦርሳ በሚያዝ ነገር ይፈጸማል።

እንግዲህ የሠለጠነ ወጣት ልብ ዝግ ባለ ጊዜ የሚታየው ዝንፈት ከአንድ ዐይነት የበለጠ ነው። በመጀመሪያ ከእስትንፋስ ጋራ የሚሄደው አለ። አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ ትርታው ይፈጥናል፥ ሲወጣ ይዘገያል። በልጆችና በወጣቶች ይህ በጣም ይታያል፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን እየቀነሰ ይሄዳል። ዜማ የተማረ አንባቢ ተቀምጦ ትንፋሹን እንደ ዜማ ቤት አስረዝሞ ቀስ እያለ ሲያወጣ እጁን ይዞ ቢቈጥር በራሱ ያገኘዋል። እኔ ራሴ ይህን ሞክሬ ካገኘሁት በኋላ፥ በሽታ የለብኝምን ብዬ አንድ ቀን ሙሉ ሳስብ ዋልሁ። በሽታ አይደለም፤ የጤና ምልክት ነው።

ሁለተኛው የእኅቴ ልጅ ዐይነት ነው። የልብ ሥጋ ሁሉ የራሱ የሆነ ትንሽ ኤሌክትሪክ ማስነሣት ይችላል። ዋናዪቱ አዛዥ በዘገየች ጊዜ በሁለት ምት መካከል ሰፊ ባዶ ጊዜ ይገኛልና፥ ከሌላ ስፍራ አንድ ምት ሳይጠራ ጥልቅ ይላል። ልቡ በደም ሳይሞላ ስለ መታ የሚገፋው ደም ጥቂት ነው፤ በእጅ ላይ አይሰማም፤ ስለዚህ እጁን የያዘው ሰው «ልቡ ቀረ» ይላል። ልብ ግን አልቀረም፤ ቸኵሎ መታ እንጂ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ያርፍና ቀጣዩን ምት አጠንክሮ ይመታል፤ ልጆች «ልቤን ደረቴ ላይ ዱብ አለኝ» የሚሉት ይህን ነው። ልጁ መሮጥ ሲጀምር ዋናዪቱ አዛዥ ትፈጥናለች፤ ባዶው ጊዜ ይጠባል፤ ሳይጠራ የሚገባውም ምት ስፍራ አጥቶ ይጠፋል። ሩጫ ያጠፋው ዝንፈት፥ የልቡም ሥዕል ደኅና ከሆነ፥ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። በሯጮች ሌሊት የሚታየው የትርታ መዝለል ከዚሁ ወገን ነው፤ ነርቩ ልቡን እጅግ ዝግ ስላሰኘው ይሆናል፥ ሲነሡና ሲንቀሳቀሱ ይጠፋል።

አሁን ወደ ተገላቢጦሹ እንመለስ። የአንዳንዱን ልጅ ልብ የሚያውከው ያው አድሬናሊን ነው። ከአባት ወይም ከእናት የሚወረስ አንድ ደዌ አለ፤ በእርሱ የተያዘ ልጅ ተኝቶ ሲመረመር የኤሌክትሪኩ ጽሑፍም የልቡም ሥዕል ምንም ነውር አይገኝበትም። ሲሮጥ ወይም እጅግ ሲደነግጥ ግን ከታችኛው የልብ ክፍል የሚነሣ ምት አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት እያለ ይበዛል፤ በመጨረሻም ልብ ደም መግፋቱን ትቶ ይንቀጠቀጣል። በሌላው ደዌ የልብ ሥጋ ያለ ልክ ይወፍራል። በሌላው ደግሞ ሥጋው ቀስ በቀስ እየጠፋ በስፍራው ስብና ጠባሳ ይተካል፤ ይህን ደዌ ብርቱ ሩጫ ራሱ ያፋጥነዋል። ከነዚህም ሌላ የልብ ኤሌክትሪክ ወደ ቦታው ለመመለስ የሚዘገይባቸው ልጆች አሉ፤ ከእነርሱ አንዳንዶቹ በተለይ በሚዋኙበት ጊዜ ይወድቃሉ፤ ያየ ሰው ዋና የማይችሉ መስሎት ያልፈዋል።

ሰኔ 19 ቀን 1995 ዓመተ ምሕረት፥ ማለት በ2003 በፈረንጅ፥ የካሜሩን ኳስ ተጫዋች ማርክ ቪቪየን ፎዬ በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ከኮሎምቢያ ጋራ ሲጫወቱ ማንም ሳይነካው በሜዳው መካከል ወደቀ፤ ሊያድኑት ቢደክሙም አልተቻለም። ዕድሜው 28 ዓመት ነበር። አስከሬኑ ሲመረመር የልቡ ሥጋ ያለ ልክ ወፍሮ ተገኘ። ከ18 ዓመት በኋላ ሰኔ 5 ቀን 2013 ዓመተ ምሕረት በኮፐንሃገን የዴንማርኩ ክርስቲያን ኤሪክሰን ከፊንላንድ ጋራ በሚደረገው ጨዋታ የመጀመሪያው እኩሌታ ሊፈጸም ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው እንዲሁ ወደቀ። ጓደኞቹ ሕዝቡ እንዳያየው ዙሪያውን ከበው ቆሙ፤ ሐኪሞቹ ወዲያው ደረቱን እየተጫኑ ደሙን አንቀሳቀሱለት፥ ኤሌክትሪክ በሚሰጠውም መሣሪያ ልቡን መለሱት። ኤሪክሰን ዳነ። ልቡ ሲታወክ የሚያስተካክል ትንሽ መሣሪያ በሰውነቱ ውስጥ ተተከለለትና በ2022 ወደ ጨዋታ ተመለሰ፤ በ2024 ደግሞ በአውሮፓ ዋንጫ ለአገሩ ጎል አገባ። ነገር ግን ተቀጥሮበት በነበረው በኢጣልያ አገር ሊጫወት አልቻለም፤ ሕጋቸው እንዲህ ያለ መሣሪያ የተተከለበት ሰው እንዲጫወት አይፈቅድምና።

የኢጣልያ ሰዎች በዚህ ነገር ከሁሉ የጠነከሩ ናቸው። ከ1982 ጀምሮ ለውድድር የሚገባ ወጣት ሁሉ በየጊዜው በሐኪም እንዲታይና የልቡ ኤሌክትሪክ እንዲጻፍ በሕግ አስገደዱ። በቬኔቶ አውራጃ የፓዶቫ ሐኪሞች ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 35 የሆኑትን ተወዳዳሪዎች ለብዙ ዓመት ተከታትለው ውጤቱን በ2006 አሳተሙ። ከምርመራው በፊት በዓመት ከ100000 ተወዳዳሪ 3.6 ያህሉ በድንገት ይሞቱ ነበር፤ በ2004 ግን ወደ 0.4 ወረደ። የአሜሪካ ሐኪሞች በበኩላቸው ኤሌክትሪኩን ሁሉም ላይ ማስጻፍ አያስፈልግም ይላሉ፤ የሠለጠነ ሯጭ ልብ ጤነኛ ሳለ በወረቀት ላይ የታመመ መስሎ ስለሚታይ ብዙ ልጆች በከንቱ ከሜዳ ይወገዳሉ ብለው፥ ጥያቄ በመጠየቅና ደረት በማዳመጥ ይጀምራሉ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገን እውነት አላቸው። ነገር ግን ምርመራው ሁሉ እጅ ይዞ «ሩጫውን ይተው» በሚል ቃል ቢያልቅ፥ ይህ ከሁለቱም ወገን አይቈጠርም።

ሐኪሙ ለእኅቴ ከነገሯት መካከል ለቤተ ሰብ ሁሉ የሚሆነውን ልጨምር። ሯጭ ሲወድቅ የወደቀበት ጊዜ ይጠየቅ። ሩጫውን ፈጽሞ፥ መስመሩን አልፎ ቀጥ ብሎ ከቆመ በኋላ ራሱን ቢስት፥ ብዙ ጊዜ ደሙ በእግሩ ስለ ተከማቸና ወደ ራሱ ስላነሰ ነው፤ አስተኝተው እግሩን ከፍ ቢያደርጉለት ይመለሳል። እንዲህ ያለው እንዳይመጣ ሩጫን በድንገት አለማቆም፥ ጥቂት እየተራመዱ ማቀዝቀዝ ይበጃል። በሩጫው መካከል እግሩ እየሄደ ሳለ ድንገት የወደቀ ልጅ ግን፥ ወዲያው ተነሥቶ ቢስቅ እንኳ፥ በልብ ሐኪም ሳይታይ እንደ ገና አይሩጥ። ብዙ ሰው ይህን ቁርስ ባለመብላቱ ነው፥ ፀሐይ መትቶት ነው እያለ ያሳልፈዋል፤ ከዚህ የሚከፋ ስሕተት የለም። በሩጫ ጊዜ ደረት መጨነቅና ከእኩዮች ይልቅ ያለ ምክንያት ቶሎ መድከምም እንደዚሁ ነው። በዘር ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ካለ ይነገር። በእኛ አገር እንዲህ ያለውን ሞት በሌላ ነገር ማሳበብ ልማድ ስለ ሆነ፥ ሐኪም ሲጠይቅ ሰው ዝም ይላል፤ ያ ዝምታ ግን የተረፉትን ወንድሞች ይጎዳል።

ትኵሳት ያለበት ልጅ አይሩጥ። በጉንፋን ምክንያት የልብ ሥጋ የሚቈስልበት ጊዜ አለ፤ በቈሰለ ልብ መሮጥ ትርታውን እስከ ሞት ሊያውከው ይችላል። በኢትዮጵያ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በሚገባ ያልታከመ የጕሮሮ ቍስል ኋላ የልብን በሮች የሚያበላሽ ደዌ ያመጣል፤ ይህም ደዌ በአገራችን ልጆች ላይ ብዙ ነው። እንጥል በማስቈረጥ አይድንም፤ የሐኪም መድኃኒት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ነው የእኛ ሐኪሞች የሯጭን ደረት በጆሮ መስሚያ ሳያዳምጡ የማይሰዱት። ለፈተና ሲሉ ሌሊት ጫት የሚቅሙ ተማሪዎችም ይወቁት፤ ጫት ልብን ያፈጥናል፤ ያልተኛ ሰውነትም በማለዳ ሲሮጥ ዝንፈቱ ይብሳል።

ትርታ መቍጠር ለማንም አይከብድም። ልጁ በማለዳ ከአልጋው ሳይነሣ ሁለት ጣት በአውራ ጣቱ በኩል በእጁ አንጓ ላይ አድርጎ ሙሉ ደቂቃ ይቍጠር። የሚቈጥረው ሰው በአውራ ጣቱ አይያዝ፤ የራሱን ትርታ ይቈጥራልና። ዝንፈት ካለ ከእስትንፋሱ ጋራ የሚሄድ መሆኑን ይመልከት። ይህ ቈጠራ ሐኪምን አይተካም፤ ለሐኪም የሚነገር ነገር ያስገኛል እንጂ።

የወደቀ ልጅ ካልነቃና እንደ ወትሮው ካልተነፈሰ፥ ውሃ በመርጨት ጊዜ አይጥፋ። አንዱ ሐኪም ይጥራ፤ ሌላው ሁለት መዳፉን ደራርቦ በደረቱ መካከል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በኃይል ይጫን፤ የኤሌክትሪክ መስጫው መሣሪያ በቅርብ ካለ ይምጣ። መሣሪያው በዘገየ በያንዳንዱ ደቂቃ ከመቶ ከ7 እስከ 10 ያህል የመዳን ተስፋ ይጠፋል። ትምህርት ቤቶችና የኳስ ማኅበሮች ለጎል መረብ ገንዘብ ሲያወጡ ይህን መሣሪያም ቢያስቡበት እወድ ነበር።

የእኅቴ ልጅ ወረቀቱን ተቀብሎ በወሩ ወደ ሩጫው ተመለሰ። ሐኪሙ በዓመቱ እንዲመለስ ቀጥረውታል፤ በሩጫ መካከል ራሱ ቢዞር ወይም ልቡ ድንገት ቢሮጥበት ግን ያን ጊዜውኑ እንዲመጣ ነግረውታል። እኅቴ ጫማውን ከሣጥን አውጥታ ሰጠችው። አሁን በማለዳ ሳይወጣ እጁን ይዛ የምትቈጥረው እርስዋ ናት፤ ቍጥሩንም የአስቤዛ ሒሳብ በምትይዝበት ደብተር ከስኳሩና ከዘይቱ በታች ትጽፈዋለች። ባለፈው ሳምንት ባየሁት ጊዜ 54 ይል ነበር፤ ከጎኑም «ሁለት ጊዜ ዘለለ፤ ዳገቱን ግን በደኅና ወጣ» ተብሎ ተጽፎበታል።